አጥሩ ሥር የተቀመጠችው እናት

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ዩኑስ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ መሪማ አዝላ እብናት የረሃብተኞች መጠለያ አደረሰችው። መጠለያው የሚቀበለው ወላጅ የሌለውን ልጅ ብቻ ነው ሲባል ሰማች። ሰልፉ ውስጥ አቆመችውና፣ "ማን አለህ ቢሉህ ማንም የለኝ በል" ብላው ፈቀቅ አለች። አንድ ፈረንጅ መንገደኛ ከመኪናው ሆኖ ይህን አየ፤ ልጁንም ፎቶ አንስቶ በኋላ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ አወጣው።

ዩኑስ ተረፈ። ደብረ ታቦር ገብቶ ልብስ ሰፊ ሆነ፣ ልጆች ወለደ። የፈረንጁን መጽሐፍ ያየው ግን አሁን በቅርቡ ነው። ሱጃታ የምትባል ህንዳዊት ጸሐፊ አፈላልጋ ላከችለት። ሱጃታ ፈረንጆች ስለ ምሥራቁ ዓለምና ስለ እኛ የጻፉትን ይዛ በየአገሩ እየዞረች፣ የተጻፈባቸውን ሰዎች ራሳቸውን ትጠይቃለች። የእሷም አያት በቤንጋል ረሃብ ጊዜ እንዲሁ ተጽፎባቸዋል።

የእንግሊዝኛ መምህርት የሆነችው ልጁ ነጅሚያ ከፎቶው ሥር ያለውን ስታነብለት ዩኑስ መቀሱን አስቀመጠ። "በዚህ አገር እናት ልጇን ጥላ ስትሄድ ዞራ እንኳ አታይም" ይላል።

ሱጃታ መልሱን በራሷ መጽሐፍ ልታወጣለት ባሕር ዳር ድረስ መጣች። ወደ ደብረ ታቦር የሚያመጣው መንገድ ግን ከሐሙሲት ወዲህ ተዘጋ። እሷ ደግሞ በማግስቱ ተሳፋሪ ናት፤ መጽሐፏም ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። የቀረው ስልክ ብቻ ነው፣ እሱም ሲሻው የሚጠፋ።

ከጧት ጀምረው ሞክረው ከቀትር በኋላ ገባላቸው። ነጅሚያ ትተረጉማለች።

"ጤናዎ እንዴት ነው ትላለች።"

"ጤናዬን ትተወውና ትጻፍ በያት።"

"ሰላምታ እኮ ነው፣ አባ።"

"ሰላምታ ስንለዋወጥ ኔትዎርኩ ይሄድብናል። እናቴ ጥላኝ አልሄደችም በያት።"

"ታዲያ ወዴት ሄደች ትላለች።"

"የትም። ከመጠለያው አጥር ሥር ተቀመጠች። በየጧቱ በእሾሁ መሃል እጇን ታሳየኛለች፣ እኔም እያየኋት እበላለሁ። ወተቴን ባቀብላት 'ካዩህ ያስወጡሃል' ብላ እንቢ አለች። አንድ ቀን ሻሿ ይታየኛል፣ እጇ ግን አልተነሳም። እናት የለኝም ብያለሁና እናቴ ብዬ አላለቀስኩም።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ጻፈችው?"

ነጅሚያ ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችም። "ተቋርጧል፣ አባ። ላስቆምዎት አልቻልኩም።"

"የቱ ላይ?"

"አጥሩ ጋ ሳንደርስ።"

ደጋግመው ደወሉ። ስልኩ ሳይመለስ ሱጃታ ሄደች።

ዩኑስ ወደ ስፌት መኪናው ተመልሶ ተቀመጠና ልጁን እንዲህ አላት፦ "እንግዲህ የሰማሽው አንቺ ነሽ። ያኖረኝ እህሉ አይደለም፤ ያንኑ እየበሉ አጠገቤ የሞቱ ብዙ ናቸው። እኔ በየጧቱ የሚያየኝ ሰው ነበረኝ።"