ምርቃት ውስጥ የገባው ቦኖ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመካነ ሰላም መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሣሁ። ወደ ከላላ በኩል ባለች የገጠር ቀበሌ ከተራራው በቱቦ በሚመጣው ውሃ አንድ ቦኖ ይተከላል። የት እንደሚተከል ነዋሪው ተወያይቶ ይወስናል፤ ውይይቱን የምመራውና ሪፖርቱን የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ። መንገዱ ጠጠር፣ ታሪፉ መቶ ሃምሳ ብር። ሰው ማወያየት ምን ይከብዳል እያልኩ ነበር የምሄደው፤ ጉራዬ አሁን ያሳፍረኛል።

ከመኪና ስወርድ ዳገቱ አናት ላይ ባለው ላይ መንደር የምትኖረውን ወይዘሮ ዘሃራን አገኘሁ። ከጤና ጣቢያ እየተመለሰች ነበር። አምና ክረምት ከታችኛው ምንጭ ውሃ ተሸክማ ስትወጣ ዳገቱ ላይ ወድቃ ወገቧ ተጎድቷል። በገብስ ማሳው መሀል ቀስ እያልን አንድ ሰዓት ተጓዝን።

«ቦኖው ላይ መንደር ካልሆነልን ዘንድሮን እንጃ» አለችኝ።

ረፋድ አምስት ሰዓት

ሰዉ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። የአገሩን ሽማግሌ ሼህ ይማምን በምርቃት እንዲከፍቱልን ለመንኳቸው። ለዝናቡም ለከብቱም መረቁና «ውሃውንም ከመስጊዱ ጎን ያፍልቅልን» አሉ። መስጊዱ ያለው ከዳገቱ ሥር፣ ታች መንደር ነው። ሁሉም «አሚን» አለ። እኔ ጅሉም አብሬ አሚን አልኩ።

«እስቲ የት ይተከል?» ብል ጭጭ። ለካ አሚን ካሉ በኋላ መከራከር ምርቃት መመለስ ነው።

ዘሃራ ወገቧን ይዛ ተነሣች።

«ሼኻችን፣ ምርቃቱ አነሰን፤ ይጨምሩልን።»

«ምን ልጨምር ዘሃራ?»

«እርጉዝ ሴት ዳገት አትውጣ ይበሉልን። የላይ መንደር ሴቶች ወገብ ይዳን ይበሉልን።»

«እሱማ አሚን ነው» አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሌላስ ምን ልጨምር?»

ከዚያ ማን ያስቁመው! አንዱ ከሶላት በፊት የምንታጠብበት የውዱ ውሃ ጉዳይ ያሳስበኛል አለ። ሌላው ቦኖው ላይ መንደር ከተተከለ በጎማ ቱቦ ወደ መስጊዱ ይወርዳል ሲል መለሰ። ሼሁም ውሃውን ላይ መንደር ያፍልቅልን ብለው እንደገና መረቁ። የገብስ ቂጣ በአይብ በልተን ተለያየን።

ማታ፣ መካነ ሰላም

እኔ ጥያቄ ይዤ ሄድኩ፤ ሰዉ ግን የቸገረው ሽማግሌውን ሳያስቀይም የሚናገርበት መንገድ ነበር። ሪፖርቱ ላይ «ውይይቱን የመራው» በሚለው ቦታ ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ሰረዝኩትና «ወይዘሮ ዘሃራ» ብዬ አስተካከልኩት።