የጓሮ ቤቱ ስኒዎች

በየወሩ አንድ ኢሜይል ይደርሰኛል። የአርኪዮሎጂ መጽሔት አዘጋጆች የሚልኩት ነው። ስለ ቅርብ ዘመናት ቁፋሮ አዲስ የወጡ መጻሕፍትን ይዘረዝሩና «ገምጋሚ እንፈልጋለን» ይላሉ። መጽሐፉን በነፃ ይልኩልሃል፤ አንተ አንብበህ ሁለት ገጽ ትጽፋለህ። ሪያድ ውስጥ ሱለይ በሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ መለያ የሚለጥፍ ሰው ይህ ለምን እንደሚደርሰው የሚገርመው ካለ፣ እኔንም ይገርመኛል። አገር ቤት የተማርኩት አርኪዮሎጂ ነበር። ከትምህርቴ የተረፈኝ ይኸው ዝርዝር ነው። ጠዋት ጠዋት ከጋራ መኖሪያችን ወደ ሥራ በሚወስደን አውቶቡስ ውስጥ አነበዋለሁ። አንድ ጊዜ መጽሐፍ ገምግሜ ታትሞልኛል፤ ከስሜ ሥር «የግል ተመራማሪ፣ ሪያድ» ይላል። ያቺን መስመር ስንት ጊዜ ከፍቼ እንዳየኋት ብናገር ያሳፍረኛል።

ባለፈው ዓመት ከዝርዝሩ ውስጥ የማውቀው ቦታ ስም አየሁ። ተማሪ ሳለሁ ሁለት በጋ የሠራሁበት የድሮ ነጋዴዎች መንደር ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ያኔ ቁፋሮውን የመሩት ፕሮፌሰር ናቸው። ወዲያው ጠየቅሁ። ቅጹ ላይ «ከደራሲዋ ወይም ከሥራው ጋር ግንኙነት አለህ?» የሚል ጥያቄ ነበር። የለኝም አልኩ። የተማሪ ሥራዬን፣ የሸክላ ስባሪ ገል ማጠብን፣ ማን ግንኙነት ይለዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

መጽሐፉ የመጣው በመጋዘኑ አድራሻ ስለነበር መጀመሪያ የከፈተው ሙዲር የምንለው አለቃችን ነው። የተሰባበሩ ዕቃዎችን ፎቶ ገልጦ ገልጦ፣ «ይህን ሁሉ የሰበረው የትኛው ጭነት አመላላሽ ነው?» አለኝ። የምሩን ይሁን በቀልድ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ዓርብ ቀን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጀመርኩት። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ምዕራፉ ስለ አንድ ግቢ ነው። ፊት ለፊት የነጋዴው የድንጋይ ቤት አለ፤ ጓሮ ደግሞ ሎሌዎቹና ገረዶቹ ይኖሩባት የነበረች ጠባብ ቤት። ሁለቱም ቦታ አንድ አንድ ጉድጓድ ቆፍረን ነበር። ፕሮፌሰሯ እንደጻፉት ከጓሮው ጉድጓድ ከባሕር ማዶ የመጡ፣ ሰማያዊ አበባ ያለባቸው የስኒ ስባሪዎች በብዛት ወጥተዋል። ስለዚህ ሎሌዎቹ በትርፍራፊ ብቻ የሚኖሩ ሰዎች አልነበሩም፤ በትንሽ ንግዳቸው የራሳቸውን ስኒ ይገዙ ነበር ይላሉ። መጽሐፉ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ፎቶውን አየሁት። ያጠብኳቸው እኔ ነኝ።

የኔ ሥራ ከየጉድጓዱ የወጣውን ገል አጥቦ ሰሌን ላይ ማድረቅ ነበር። በየሰሌኑ ላይ የጉድጓዱ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በጠጠር ተጭኖ ይቀመጣል። ወረቀቱ በእርሳስ ይጻፍ የሚል ጥብቅ ሕግ ነበር፤ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሟሟልና። እኔ ግን በስክሪብቶ እጽፍ ነበር። የእጅ ጽሑፌ በስክሪብቶ ያምራል፤ ፕሮፌሰሯም በዚያው ሰሞን ሰው ፊት አመስግነውልኛል። አንድ ቀን ሁሉም ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ብቻዬን ሳለሁ፣ በበጋ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ሰሌኖቹን አንድ ላይ አፍሼ ድንኳን ውስጥ ስገባ ገሉ ተቀላቅሏል፤ ወረቀቶቹ ሰማያዊ ውሃ ሆነዋል። ተቀምጬ ይህ ከዚያ ነው፣ ያኛው ከዚህ ነው እያልኩ በግምት ለየሁና አዲስ ወረቀት ጻፍኩ። ፕሮፌሰሯ ሲመለሱ «ዝናቡ የነካው ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ምንም የለም አልኩ። ለትምህርት የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ቃል ገብተው ስለነበር ፈራሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ነገ ነገ ስል ዓመታት አለፉ።

አሁን ግምገማው እጄ ላይ ነው። ባመሰግን ውሸቴን ለሁለተኛ ጊዜ መፈረሜ ነው። እውነቱን ብጽፍ የሳቸው መጽሐፍ ልቡ ይወጣል፤ የኔም «የግል ተመራማሪነት» አብሮ ይሄዳል። ይህችን አንዲት መስመር ማጣት ከምገምተው በላይ አስጨነቀኝ።

በዚያው ዓርብ ከስግደት በኋላ ጋሼ መጡ። ጋሼ የምላቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ ነሲም በሚባለው ሰፈር የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ሾፌር ሆነው ግቢው በር አጠገብ ባለች ክፍል ይኖራሉ። መጽሐፉን አይተው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። የዝናቡን ነገር ትቼ የስኒዎቹን ነገርኳቸው። የሚበሉትን ሩዝ ትተው አዳመጡኝ።

«ወላሂ? የራሳቸው ስኒ?»

«እንደዚያ ይላል።»

«የኔ ስኒ እኮ በሩ ጋ ለብቻው ነው የሚቀመጠው፤ ከቤቱ ዕቃ ጋር አይታጠብም። እነዚያ ግን በገዛ እጃቸው ገዝተው! ማሻአላህ። ጻፍላት ወንድሜ፣ ደግ አደረግሽ በላት።»

ሁለት ሳምንት ምስጋና ልጽፍ ሞከርኩ። አንድ መስመር ጽፌ ሁለት እሰርዛለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህኛው ግን እኔ ካልተናገርኩ ስንት ዓመት ቢያድር አይጠራም። በመጨረሻ ለአዘጋጁም ለፕሮፌሰሯም ሁሉንም ጻፍኩ። አዘጋጁ በጨዋ ቋንቋ መጽሐፉ ለሌላ ገምጋሚ እንደተሰጠ አስታወቀኝ።

የፕሮፌሰሯ መልስ በአራተኛው ቀን መጣ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ የተላከልኝ ግን ጥያቄ ነው። አበባ ያለባቸው ስባሪዎች ከየትኛው ሰሌን ላይ ነበሩ? የፊቱ ነው የጓሮው?

ምሳ ሰዓቴን በሙሉ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ዝናቡን አስታውሳለሁ፤ የድንኳኑ ሽታ ትዝ ይለኛል፤ ጣቴን ያቀለመው ስክሪብቶ ይታየኛል። ሰሌኑ ግን አይመጣልኝም። ተናዝዤ ይቅለለኝ ብዬ ነበር፤ የሚጠቅመውን አንድ ነገር አለማወቄ አንገበገበኝ። «አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ።

«እንግዲያው የማን እንደሆኑ መናገር አልችልም፤ ማረሚያ አወጣለሁ» አሉ። «በማግስቱ ነግረኸኝ ቢሆን ጉድጓዱን አስፍተን ከጓሮው አዲስ ገል እናወጣ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ሰዎች ቤት ሠርተውበታል።»

በሚቀጥለው ዓርብ ለጋሼ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ዝናቡንም፣ ስክሪብቶውንም፣ ማረሚያውንም።

«ስኒዎቹ የነሱ አልነበሩም ማለት ነው?»

«ሊሆኑ ይችላሉ ጋሼ። አይታወቅም።»

«ከእንግዲህስ?»

«ከእንግዲህም አይታወቅም።»

የስኒዎቹን ወሬ ለሰፈሩ ሾፌሮች ሁሉ አውርተውት እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ።

«ኸላስ፣ በቃ ወንድሜ» አሉኝ፤ «ያ ነጋዴ ጌታቸው እንኳ የተወላቸውን ስኒ አንተ ወሰድክባቸው።»