እህቴን ወደ ሙያ ትምህርት ቤት የሰደድኩበት እሑድ

እኔ ተከራክሬ መሸነፍ አልወድም። ዛሬም አልወድም፤ ያኔ ደግሞ ሃያ አራት ዓመቴ ስለነበር ጭራሽ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ አባቴ በጥር ወር አንድ ቀን፣ ምሳ በልተን እንደጨረስን፣ አንድ ደብዳቤ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ምን እንደሚል ሳላነብ «አይሆንም» አልኩ። ከፊቱ ብቻ አንድ ነገር እንደደገሰልን ገብቶኝ ነበር።

ደብዳቤው የመጣው ከደራ ወዲያ፣ በአሰላ መንገድ ካለ አንድ አዳሪ የሙያ ትምህርት ቤት ነው። ድሮ ሚሲዮኖች ከፍተውት ኋላ መንግሥት የወረሰው ነው። ልብስ ስፌት፣ ሽመና፣ የቤት አያያዝና የጽሕፈት መኪና ሥራ ያስተምራል። አባቴ ለማንም ሳይተነፍስ አመልክቶ ኖሮ፣ ታናሽ እህቴን ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ እንቀበላታለን፣ በተባለው ሰኞ ካልተገኘች ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል ብለው ጽፈውለታል። እህቴ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ናዝሬት አሥረኛ ክፍል ትማራለች።

«እንደ አንቺ እጇ ሥራ ይልመድ ነው የምለው» አለ አባቴ። «አንቺ ታይፕ ተምረሽ ይኸው ቤት ደገፍሽ። አሁን የምትማርበት ደግሞ ምን ቀረው? ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነማ ሰፋ ብላ ትቀመጣለቻ!» አልኩት።

እናቴ ሳቋን ዋጠች። ያን ቀልድ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ወንበሮቹ ለምን ባዶ እንደሆኑ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንዳንዱ ልጅ ዘመድ ወዳለበት ገጠር ሸሽቷል፣ አንዳንዱ ታስሯል፣ አንዳንዱን ደግሞ ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ መንገድ ዳር ወድቆ አይተን ዓይናችንን ወደ ሌላ አዙረን አልፈነዋል። ቀይ ሽብር የተባለበት ዓመት ነው። አባቴ ባቡር ጣቢያ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ የሶማሊያው ጦርነት ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን ሐዲድ ከቆረጠው ወዲህ የሚመዘን ዕቃ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሚዛን ሲጠብቅ ይውላል። ሲውል ደግሞ ያስባል። ያሰበውን ሁሉ ቤት ይዞት ይመጣል።

እህቴ ሒሳብ ትወድ ነበር። መውደድ ብቻም አይደለም፣ ትስቅበት ነበር። አንድ ጥያቄ እንቢ ብሏት ቆይቶ ሲፈታላት ብቻዋን ክትክት ብላ ትስቃለች። ከእሷ የማትለይ አንዲት የክፍል ጓደኛ ነበረቻት። ወላጆቿ ዓለም ጤና ሽንኩርት ያመርታሉ፣ እሷ ናዝሬት አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች፤ ቀጭን፣ ወሬ የማይነጥፍባት ልጅ። ትምህርት ከሌለ ጠዋት፣ ካለ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ናት። ገና ከደጅ በኦሮምኛ «አካም ኦልታን!» ብላ ሰላም ስትል እናቴ «ነጋያ፣ ነጋያ፣ ግቢ» ትላታለች። ከዚያ ሁለቱ አባቴ ከጣቢያ ባመጣላቸው አሮጌ የጭነት ቅጽ ጀርባ ላይ ሲሰርዙ ሲደልዙ ይውላሉ። እኔን «እትዬ» እያለች ትጠራኛለች። ብትጠራም ባትጠራም ወጥ ታወጣለች፣ ሰሐን ታጥባለች፤ እኔም ሁለት እህት እንዳለኝ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

የምቃወመው ለሒሳቡ ብዬ ብቻ አልነበረም። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን ግን ለአባቴም፣ ለእናቴም መናገር አልችልም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከኅዳር ጀምሮ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር አለቃዬን ጠይቆ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ይወስደኛል። አለቃዬ «ውሰዳት» አለው፤ እንቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ ቀን ወረቀት አስፈረሙኝ። ያየሁትን ለማንም ባወራ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድብኝ ብዬ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ። ከዚያ የሚሰጠኝ የሚያዙ ሰዎች ዝርዝር ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ምርመራ። ካርቦን አስገብቼ በሦስት ቅጂ እጽፋለሁ። ስጨርስ ሊቀመንበሩ ካርቦኑን ቆጥሮ ይቀበለኝና ግቢው ውስጥ ያቃጥለዋል፤ ያገለገለ ካርቦን ወደ ብርሃን ቢያዞሩት ይነበባላ። ቀጥሎ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሊቀመንበሩ የእኔን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ ያመሳክራል። ከዚያ «መሄድ ትችያለሽ፣ ጓዲት» ይለኛል። ቀድሞ ልብስ ሱቅ ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። አንድ ቀን ጮሆብኝ አያውቅም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጽሕፈት ስማር አስተማሪያችን «ቃሉን አታንብቡ፣ ፊደሉን ብቻ እዩ» ይሉን ነበር። ለፍጥነት ነው። እኔ ያን ክረምት ያህል የረዘመ በጋ የኖርኩት በዚያ ምክር ነው። ስም ሲመጣ ስም አላይም፤ ፊደል አያለሁ፣ ጣቴ ይመታል፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። የእህቴ እጅ እንደ እጄ ይህን እንዲለምድ አልፈለግኩም። አባቴ «እንደ አንቺ ትሁን» ባለ ቁጥር «አይሆንም» የምለው ለዚህ ነው።

ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። አባቴ ሲያነሳ እኔ ስጥል፣ እናቴ መሐል ሆና «እስቲ በልታችሁ ተጣሉ» ስትል፣ እህቴ ከኋላዬ ቆማ ቀሚሴን ትይዛለች። «እትዬ፣ አንቺ ካለሽ አልሄድም አይደል?» ትለኛለች።

«እኔ እያለሁ ማን አባቱ ይወስድሻል!» እላታለሁ።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ተሸነፈ። «እንግዲህ እንዳላችሁ። የእኔስ ነገር ምን ይሰማል፣ እንደ ባቡሩ ቆሜያለሁ» ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ። ጮቤ ረገጥኩ ማለት ይቻላል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቀበሌ ሄድኩ። የተሰጠኝ ረቂቅ ከወትሮው ረዘም ያለ ሁለት ገጽ ነበር። ርዕሱ ላይ የእህቴ ትምህርት ቤት ስም አለ፤ ከሥሩ «አንደኛ ዙር» ይላል። ከዚያ በታች ደግሞ የመያዙ ሥራ ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ እንደሚፈጸም ተጽፏል። ፊደል ፊደሉን እያየሁ ጀመርኩ። አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ሁለተኛ፣ አሥራ ሦስተኛ። አሥራ አራተኛው ላይ ጣቴ ቆመ። በስንት ወር የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፣ አንድ ስም እንደ ስም አነበብኩ። የእህቴ ጓደኛ ስም ነው። የአባቷም ስም ትክክል ነው፣ የአክስቷ የቤት ቁጥርም ትክክል ነው።

ዓይኔን ወደ ታች ወርውሬ እስከ መጨረሻው ሮጥኩ። እህቴ የለችም። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ቀጥሎ ነው «አንደኛ ዙር» የሚለው ትዝ ያለኝ። አንድ ሰው ሲያዝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከማን ጋር እንደሚውል ነው፤ እንዴት እንደሚጠየቅም ከተማው ሁሉ ያውቃል። ይህች ልጅ ደግሞ ከእህቴ በቀር ከማንም ጋር አትውልም።

«ምነው ቆምሽ?» አለኝ ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ማዶ።

«ሪባኑ ተጣጥፎ ነው» አልኩና እንዳስተካክል ሆኜ ነካካሁት። አሥራ አራትን ዘልዬ የሚቀጥለውን ልጽፍ አሰብኩ። ግን ኋላ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ፊደል ላዛባ አሰብኩ። እሱም ይታያል። ጻፍኩት። ሲያመሳክሩ ሁለቱን ገጽ እስከ መጨረሻው ሄዱ፤ ሊቀመንበሩ «አንድም ስሕተት የለበትም» ብሎ አመሰገነኝ።

ቤት እንደገባሁ ነጠላዬን ሳላወርድ «ትሂድ» አልኩ።

አባቴ የሰማውን አላመነም። «ምን አልሽ?»

«ሙያ ትምህርት ቤቱ ትሂድ። እሑድ ትሳፈር። በሒሳብ እንጀራ አይበላም።»

እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች፣ ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት። እህቴ እርሳሷን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ትናንት የሳመችኝ ልጅ ናት። «አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይው?» አለች። እርሳሷን አስቀመጠችና «ቀንተሽብኝ ነው። አንቺ ከአሥረኛ ወጥተሽ ታይፒስት ስለሆንሽ እኔም እንዳላልፍሽ ነው» አለችኝ።

«አዎ፣ ቀንቼ ነው። ልብስሽን ሰብስቢ» አልኳት።

ይህን የምጽፈው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እህቴ ጥሩ ልብስ ሰፊ ሆናለች፣ ልጆች አሳድጋለች፣ በበዓል እንጠያየቃለን። ሒሳብ ግን ሁለተኛ አንስታ አታውቅም፣ እኔ ፊትም ስቃ አታውቅም። እስከ ዛሬ የምታውቀው ቀንቼባት እንደሆነ ነው። ሌላውን ብነግራት የጓደኛዋንም ነገር አብሬ መንገር ይኖርብኛል፤ ለዚያ አቅሙ የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት የይለፍ ወረቀት ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ። ያለዚያ አዋሽ ድልድይ ላይ ያለውን ኬላ ማለፍ አይቻልም። የሚፈርመው ያው ሊቀመንበር ነው። ደብዳቤውን ፊቱ አስቀመጥኩለት። አነበበው፤ ቀኑን አየ፤ ደግሞ አነበበው።

«እህትሽ ስንተኛ ክፍል ናት ያልሽኝ?»

«አሥረኛ።»

ማኅተሙን አንስቶ ቀለም አስነካውና ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፈው በአየር ላይ ያዘው። ወደ ማኅተሙ አያይም፤ ወደ እኔ ነው የሚያየው። «ብቻዋን ነው የምትሄደው?»

«ብቻዋን።»

«ጓደኛ ምናምን የላትም?»

ገባኝ። የሚጠይቀኝ አሥራ አራተኛዋን ነው፤ እሱም እንደገባኝ ገብቶታል። «የላትም» አልኩ።

ማኅተሙን አሳረፈ። «ጎበዝ» አለኝ፣ ወረቀቱንም በሁለት እጁ ሰጠኝ።

እሑድ እናቴ ማልቀስ ስላበዛች ቤት ቀረች፣ አባቴ ተረኛ ነበር። መናኸሪያ ድረስ የሸኘናት እኔና ጓደኛዋ ነን። ልጅቱ ማለዳ መጥታ፣ የእህቴን ልብስ አጣጥፋ ጠቅልላ፣ «አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ልሸከም» ብላ ጥቅሉን ራሷ ይዛ ነበር። አውቶቡሱ ጋ እህቴ ጓደኛዋን ደጋግማ ሳመቻት። እኔን በእጇ ጨበጠችኝ። አውቶቡሱ ወጥቶ አቧራው እስኪሰክን ድረስ ልጅቱ እጇን ስታውለበልብ ቆየች።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። የጥር ነፋስ አሸዋውን ፊታችን ላይ ይበትነዋል፤ ልጅቱ ጸጉሯን በሻሽ ሸፍና እያወራች ትከተለኛለች። እኔ ግን በሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበርኩ። ዓለም ጤና ሩቅ አይደለም። አንድ ቃል ብነግራት ከሰዓት በኋላ እናቷ ዘንድ ናት። ሰኞ ብትቀር ግን ምን ይባላል? ዝርዝሩን ያየነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ሁለቱ ሊቀመንበሩና የጥበቃው ኃላፊ ናቸው። የሦስተኛዋ እህት ደግሞ በዋዜማው ከከተማ ወጥታለች፣ ገና ኬላውን እንኳ አላለፈች ይሆናል። ይህን ሁሉ ከመናኸሪያው እስከ ባቡር ሐዲዱ ባለው መንገድ አሰላሁ።

ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እኔም እንደሷ ትቼ ብሄድ አይሻለኝም? እናቴ ትምህርቱ ይቅርብሽ፣ ነይ ወደኔ እያለች ትልክብኛለች። አክስቴን ባማክራት እትዬን ጠይቂያት፣ እሷ የተማረች ናት አለችኝ። አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

ቆምኩ። ዓይኗ ውስጥ አቧራ ገብቶ እያሸች ነበር፤ መልሴን ስትጠብቅ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። አፌን ከፈትኩ። ማኅተሙ በአየር ላይ እንደተያዘ ይታየኛል።

«አንቺ ጎበዝ ነሽ» አልኳት። «ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ።»

ፊቷ በራ። ክንዴን ጭምቅ አድርጋ «እሺ፣ እትዬ» አለችኝ፤ ሐዲዱን ተሻግራም ወደ አክስቷ ቤት ሮጠች። ሰኞ ጠዋት ሳታረፍድ ትምህርት ቤት ሄደች።