ለሽማግሌ ሲባል የተለቀቀ ሩጫ

መምህርት ዙቤይዳ ጨፋ ሮቢት ከተማ ሆና ስትቆጣ ሰንበቴ ገበያ ያሉ ግመሎች ሳይታዘዙ ይንበረከካሉ። አላምንም የሚል ካለ ሄዶ ግመሎቹን ይጠይቅ። ደሴ ኮሌጅ በነበረችበት ዘመን አሎሎ ወርዋሪ ነበረች። ዛሬ ስፖርት ታስተምራለች፤ ፊሽካውን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ለጌጥ ነው።

የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስሙ ይቅርብን። ሜዳው ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ የጎረቤት ከብት ነው። ኳሱ ተጠግኖ ተጠግኖ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቆዳ አንድም አልቀረለትም። ግድግዳው ግን ማሻአላህ! ርዕሰ መምህሩ ኢርፋን በሦስት ዓይነት ቀለም አስጽፎበታል፦ «የስፖርት ፍልስፍናችን። ደረጃ አንድ፣ ሁሉም ይሳተፋል። ደረጃ ሁለት፣ የተለማመደ ይሰለፋል። ደረጃ ሦስት፣ የበለጠ ይወዳደራል።» አራተኛም ደረጃ አለ፤ ግድግዳው ስላልበቃ ነው ያልተጻፈው። ሰው ያለው ይመረጣል።

ለኢርፋን ጽሑፉ እንግዳ ሲመጣ ፎቶ መነሻ ነበር። ዙቤይዳ ግን፣ ጉድ በሉ፣ አመነችበት። በክፍል ለክፍል ጨዋታ አስም ያለበትንም፣ ከኳስ የሚሸሸውንም አሰለፈች። አንዷ በረኛ ሙቀቱ አድክሟት ጎል ውስጥ እንቅልፍ ሲወስዳት እንኳ አልቀየረቻትም። «ደረጃ አንድ ነው! ትተኛ! መብቷ ነው!» አለች። ደረጃ ሦስት ላይ ሲደረስ ግን ከሰዓት በቀር ዘመድ የላትም።

ዘንድሮ ከሚሴ ለሚደረገው የዞን ውድድር፣ ለአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር አንዲት ልጅ ትመረጥ ተባለ። የሽንኩርት ነጋዴዋ የአሻ ልጅ ከውሰር አንደኛ ወጣች። እንዴት ሮጠች ብትሉ፣ አቧራው የተነሳው እሷ ጨርሳ ውሃ ከጠጣች በኋላ ነው። ሰሀር አራተኛ ወጣች። የሰሀር አባት ደግሞ ለቡድኑ ቱታ ያለበሱ ሰው ናቸው። ቱታ ሲባል፣ አንዱ ውስጥ ሁለት ሯጭ ከነአሠልጣኙ ይገባል። ኢርፋን እኚህን አባት በጆሯቸው «መምህርቷ ላይ ሽማግሌ ይላኩባት» ብሎ መከራቸው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሰፈሩ አስታራቂ ሐጂ አብዱልጀባር ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ዙቤይዳ ቤት ደረሱ።

«አካም ጅርታ፣ መምህርት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሐጂ። ይግቡ። ማን ተጣላ?»

«የተጣላስ የለም። በሰሀር ነገር ነው የመጣን። የአንድ ቀን ሩጫ ምን አላት? ለኛ ስትይ ልቀቂላት።»

«ሐጂ፣ ሽማግሌ ለተጣላ ነው። እኔና ሰዓቱ አልተጣላንም።»

«አንቺ ልጅ! የሽማግሌ እግር ባዶውን ይመለስ?»

ደም የሚያፈላው ይህ ነው። ደም የተቃባን ሰው የሚያስታርቅ ሽምግልና አራተኛ ለወጣች ልጅ ይላካል? እንዲህ ከሆነማ ነገ ሒሳብ የወደቀ ሁሉ ሽማግሌ ይዞ ይምጣ፤ ሰባት ሲባዛ በስምንት ለኛ ሲባል ስልሳ ይሁን ይባል!

ዙቤይዳ ብልጠት መስሏት «ሩጫው የኔ አይደለም። ከቻላችሁ የከውሰርን እናት ጠይቁ» አለቻቸው። ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ፊት ቆመው የልጇን ድል ለመለመን ያፍራሉ ብላ ነው። አላፈሩም። አሻ ገና ስታያቸው ከተቀመጠችበት ተነስታ ጆንያ አነጠፈችላቸው። ነገሩን ሳይጨርሱት «እናንተ እኔ ድረስ መጥታችሁ? ይሁን፣ ለናንተ ስል ትቻለሁ» አለች። ዱዓ ተደረገ። ልጇን ሰጥታ ሽንኩርትም መረቀችላቸው።

ዙቤይዳ ይህን ስትሰማ ወደ ገበያው በረረች። ባጃጆች መንገድ ለቀቁ።

«አሻ! ምን አደረግሽ?»

«ምን ላድርግ፣ መምህርት? የከውሰር አባት የሞተ ጊዜ ደግፈው ያቆሙኝ እነሱ ናቸው። በምን ፊቴ እምቢ ልበል?»

የዙቤይዳ ንዴት ወደ ራሷ ዞረባት። «እኔ ነኝ ደደቧ! እኔ ነኝ የላክኋቸው!» አለችና ድንገት ድምፅዋን ቀነሰች። «አሻዬ፣ ቃሉ ያንቺ ነው። እግሩስ የማን ነው?»

ከውሰር አቀርቅራ የበሰበሰ ሽንኩርት ትለቅማለች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እማ ካለች...» አለች ልጅቷ። ትንሽ ቆይታ ቀና ሳትል ጨመረች፦ «መሮጥ ግን እፈልጋለሁ።»

አሻ እጇን ከሽንኩርቱ አንስታ ልጇን አየቻት። ዙቤይዳም ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ሐጂ አብዱልጀባር ሊመርቁ መጥተው የመኪናውን በር ተደግፈዋል። ሰሀር ቱታዋ ውስጥ የለችም ማለት ይቻላል፤ አፍንጫዋ ብቻ ነው የሚታየው። አሻ ከውሰርን በእጇ ይዛ መጣች።

«ሐጂ፣ አፉ በሉኝ። ልጅቷን ሳልጠይቅ የኔ ያልሆነውን ነው የሰጠኋችሁ። ትሩጥ።»

ኢርፋን ዘሎ መሀል ገባ። «እንዴ! በሽማግሌ ያለቀ ነገር እኮ ነው!»

«ቲቸር፣» አለች ሰሀር ከቱታው ውስጥ፣ «እኔ እኮ ከመጀመሪያውም መረብ ኳስ ነው ያልኩት። ማን ሰማኝ?»

ሐጂ ወደ ኢርፋን ዞሩ። «ይችን ሳትጠይቅ ነው እኛን በፀሐይ ያዞርከን?»

«እናንተስ ጠየቃችሁ?» ዙቤይዳ ጮኸች። «ሁለት ልጅ ናቸው፣ ሐጂ! አንዷን ከምትወደው አስቀርታችሁ ሌላዋን በማትፈልገው ልታዋርዱ ነበር! ሰሀርን መቼ ገፋኋት? መረብ ኳሷን ትጫወት፣ ብትፈልግ እስከ መግሪብ! እዚህ ግን የሚያልፈው የቀደመ ነው። ይህን እንድታውቁ ስንት ጊዜ ልጩህ?»

ሰሀር ቱታውን አውልቃ ለከውሰር ወረወረችላት። ከውሰር እጅጌውን አራቴ አጥፋ ለበሰችው። ሐጂ ሲጨንቃቸው ጢማቸውን አሻሹ።

«እንግዲያ ግቢ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «አላህ ያቅናልሽ።»

«አሚን፣» አለች ዙቤይዳ፣ «ግን እኮ ከበሩ ዘወር ሲሉላት ነው የምትገባው!»