ሎቲው ምን አጠፋ?

ፋብሪካችን ወደ ግል ሊዛወር ነው በሚባልበት ሰሞን ሁለቱም ጆሮዎቼ እንደ በርበሬ ቀልተው አበጡ። ትራስ ሲነካቸው እጮኻለሁ። የሰፈሩ ክሊኒክ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ መርፌ ወጋኝ፤ ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሸልኝ። ትንሽ ይሻለኝና መልሶ ያብጣል።

የባሌ ታላቅ እህት ግን ገና ከበር ስትገባ ምርመራዋን ጨርሳ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር፤ እዚህ ግን አልገደድም።

«የእማዬ ሎቲ ነው» አለች። «ለልጇ የሚገባ ወርቅ ምራት ጆሮ ላይ ሲውል እንዲህ ያቃጥላል።»

«እትዬ፣ ከመሞታቸው በፊት በእጃቸው ያደረጉልኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

«ታማ ነበራ! ያኔ ድመቷንም በእኔ ስም ትጠራት ነበር።»

ባሌ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

«እስኪሻልሽ እኔ ላስቀምጠው» ብላ ወሰደችው። ያስቀመጠችው ጆሮዋ ላይ ነው፤ ለንግሥም አድርጋው ወጣች። ሎቲው ሄደ፣ እብጠቱ ግን ተመለሰ። «ቂሙ ገና አልወጣም» አለችኝ።

በመጨረሻ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላክሁ። አስታማሚ ነኝ ብላ ሎቲዬን አድርጋ ተከተለችኝ፤ ከአቃቂ እስከ ሳሪስ ድረስ ለሚኒባሱ ተሳፋሪ ሁሉ ስለ ጆሮዬ ስታስረዳ ሄደች።

ሐኪሙ ጆሮዬን ሲያይ ሎተሪ እንደ ደረሰው ሰው ፊቱ በራ። ሮጦ ተማሪዎቹን ጠራ። ተራ በተራ ነካኩኝ።

«ምን የተለየ ነገር አያችሁ?» አላቸው።

«ሎቲ ነው!» አለች እሷ ከኋላ።

«እንዲያውም ሎቲው የሚንጠለጠልበት ጫፍ ብቻ ነው ጤነኛው» አለ። «እዚያ አጥንት የለም። ይህ በሽታ የሚይዘው ጆሮን የሚያቆመውን ለስላሳ አጥንት ነው፤ የገዛ ሰውነታቸው ነው የሚያጠቃው። ብዙ ጊዜ አይገጥመንም።»

አፍንጫዬን ጫን ሲያደርገው እሱም አመመኝ። ሐኪሙ የባሰ ደስ አለው።

እኔም ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት እጄን ዘረጋሁ።

«እትዬ፣ ያውልቁ።»

«እዚህ?»

«እዚሁ። ጥፋት የለበትም ተብሏል።»

የግራው አልወጣ ብሏት አንዲት ተማሪ አገዘቻት።

የታዘዘልኝ መድኃኒት ፊቴን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው። እሷም «ወርቁን ወስዳ ወፈረች» ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ከመሳሟ በፊት ጆሮዬን ታያለች። እኔም በደንብ እንዲታያት ነጠላዬን ከጆሮዬ መለስ አደርግላታለሁ።