ኦርኔላ «ልጆቼ» የምትላቸው

የወንድሜ ሚስት ኦርኔላ በሃያ ዓመት ውስጥ አርባ ያህል የውጭ አገር ተማሪ ቤቷ አስቀምጣለች፤ የአንዳቸውንም ስም አስተካክላ መጥራት አትችልም። ፎቷቸው ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጣጥፏል። ሰው ሲመጣ በጣቷ እየነካች «ይቺ ልጄ ፖላንድ ናት፣ ይሄ ልጄ ብራዚል ነው» ትላለች። ብራዚል የምትለው ልጅ ግሪካዊ ነበር። ሱሪውን ያሳጠርኩለት እኔ ስለሆንኩ አስታውሰዋለሁ።

ስሜ ቼዚራ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ባል አላገባሁም፣ እዚሁ የጣሊያኗ ፔሩጂያ ከተማ ከነሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ እኖራለሁ። እሁድ እሁድ ምሳዬን የምበላው ከነሱ ጋር ስለሆነ፣ የማወራው ሰው የነገረኝን አይደለም።

ኦርኔላ ክፉ ብትሆን እንኳ አከብራት ነበር። ክፋት ጉልበት ይጠይቃል። እሷ ቋጣሪ ናት፤ ያውም ቋጠሮዋን «የኔ ማር» በሚል ቃል ጠቅልላ የምታቀርብ። ማሞቂያው በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አይበራም። ተማሪ ሻወር ሲገባ የእንቁላል መቀቀያ ሰዓቷን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች፤ አራት ደቂቃ ሲሞላ ታንኳኳና «የኔ ማር፣ ቆዳሽ ይደርቃል፣ ላንቺው ብዬ ነው» ትላለች። ሰኞ ፓስታ ነው። ማክሰኞ የሰኞው ፓስታ ነው። ረቡዕ ደግሞ ያው ፓስታ እንቁላል ተመቶበት ይመጣል። ተማሪዎቹን የሚልክላት ትምህርት ቤት የሚከፍላት ግን ስጋ ታብላ ብሎ ነው።

ወንድሜን ጓልቲዬሮን ተዉት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ኳስ ያያል፤ ኳስ በሌለ ቀን ስለ ኳስ የሚያወሩ ሰዎችን ያያል።

አንድ ዓመት መኸሩ ሲያልቅ ሜተ የምትባል የዴንማርክ ልጅ መጣች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ረጅም፣ ንግግሯ ቁጥብ። ቋንቋችንን እምብዛም አታውቅም ነበር። ኦርኔላ ይህን እንዳየች እፊቷ ያሻትን መናገር ጀመረች። እሁድ ምሳ ላይ ልጅቷ ሁለተኛ ዳቦ ስታነሳ፣ ፈገግ ብላ እያየቻት ለኛ በሰፈራችን አነጋገር፣

«እዩልኝማ! ይሄ ሆድ ነው ጎተራ? አገሯ ዳቦ የለም መሰለኝ» ትላለች።

«ምን አሉኝ?» ትላለች ሜተ።

«ፀጉርሽ አምሮብሻል ነው የምልሽ፣ የኔ ቆንጆ።»

ወንድሜ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፤ አልደብቅም።

የክረምቱ ብርድ ሲበረታ ሜተ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት እየወረደች ማጥናት ጀመረች። የልብስ መተኮሻውና ምድጃው ክፍሌን ያሞቁታል። እኔ እየሰፋሁ ሳወራ እሷ ትሰማለች፤ የማወራው ደግሞ እንዳደግኩበት፣ በሰፈሩ አነጋገር ነው። ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ጆሮዋ ተከፈተ። አንድ ቀን ከደብተሯ ቀና ሳትል፣

«ሲኞራ ቼዚራ፣ ጎተራ ማለት እህል የሚቀመጥበት ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«እንደገመትኩት ነው» አለችና መጻፏን ቀጠለች። እኔም ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ አላልኩም።

ትምህርት ቤቱ በዚያ ሰሞን ተማሪ ከሚያሳድሩ ቤተሰቦች የምርጦቹን ስም በመጽሔቱ ላይ ሊያወጣ ነበር። የተማሪዎችን ማረፊያ የምትቆጣጠረው ሲኞራ ቫንዳ ለእሁድ ምሳ እንደምትመጣ ተነገረ። ኦርኔላ ከዓርብ ጀምራ ሽር ጉድ አለች። የሠርጓ ሳህኖች ወጡ። ላዛኛ ተሠራ፣ ርግብ ተጠበሰ። ማሞቂያው ከንጋት ጀምሮ ስለበራ መስኮቶቹ አላባቸው፤ ወንድሜ ሹራቡን አወለቀ።

ሜተ እንደ ወትሮዋ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ሻርፕ ጠምጥማ ከክፍሏ ወጣች። ጠረጴዛውን አየችና ቆም አለች።

«ዛሬ በዓል ነው?» ብላ ጠየቀች።

ተንኮል አልነበረባትም። የኛ ቅዱሳን ብዙ ስለሆኑ አንዱ ያመለጣት መስሏት ነው።

«ምን በዓል?» አለች ሲኞራ ቫንዳ።

«ስጋ አለ። ማሞቂያውም በርቷል።»

ኦርኔላ ሳቀች። «ቋንቋው ገና ነው እኮ። ምስኪን፣ ቃላት ይምታቱባታል።»

ያኔ ሜተ ወደ እሷ ዞረችና፣ እንደ ገበያችን ሴት በሰፈሩ አነጋገር፣ «አይምታቱብኝም። ሆድና ጎተራን ለይቼ አውቃለሁ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አለቻት።

ሲኞራ ቫንዳ ሹካዋን አስቀምጣ ወደ ወንድሜ ዞረች። «ሲኞር ጓልቲዬሮ፣ ልጅቷ ምን እያለች ነው?»

«እኔ እንጃ። እኔ እዚያ ነው የምቀመጠው» አለና በአገጩ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ።

«እርስዎስ?» አለችኝ።

ተናገርኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። «ላዛኛው ይቀዘቅዛል» አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤቱ ሜተን ቁልቁለቱ ግርጌ ወዳለች አንዲት ባልቴት ቤት አዛወራት። ሻንጣዋን ደረጃውን ያወረድኩላት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ኳስ ነበረበት። በሩ ላይ ስንደርስ ሻንጣውን ተቀበለችኝና፣

«እሳቸው እንደዚያ ናቸው፤ ከመጀመሪያውም ገብቶኛል። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ስለ ሙቀቱ አመሰግናለሁ» ብላ ሂሳቡን ከፍሎ እንደሚሰናበት ደንበኛ ጨበጠችኝና ሄደች።

መጽሔቱ ያለ ኦርኔላ ስም ወጣ፤ ትምህርት ቤቱም ተማሪ መላክ አቆመ። እሷ ግን ወገቧን ስላመማት ራሷ እንደተወችው ነው የምትናገረው። አንድ ጠዋት ዳቦ ቤት ተሰልፌ፣ ከፊቴ ቆማ ለዳቦ ሻጩ ስትነግረው ሰማኋት፤ «ያቺ ዴንማርካዊት ወንድ እያመጣች አስቸገረችኝ፣ አባረርኳት።»

«ወንድ አላመጣችም» አልኩ ከኋላዋ።

ዳቦ ሻጩ ቀና አለ። «ታዲያ ለምን ሄደች?»

«በርዷት።»

ኦርኔላ ዳቦዋን ሳትቀበል ወጣች። ሦስት እሁድ አኮረፈችኝ፤ በደረጃው ስንተላለፍ ግድግዳውን ታያለች። በአራተኛው ወንድሜን ልካ አስጠራችኝ። ሄድኩ። ብቻውን ለሚኖር ሰው እሁድ ረጅም ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።