ግንብ ላይ የሚከፈት በር

ፈረስ መጋላ ውስጥ የስፌት ቤት ነበረኝ። ባለቤቴ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ሲሆን እኔ ግን እዚያው ሐረር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አብረውኝ ስድስት ሴቶች ይሠሩ ነበር፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ልብስ፣ አንዳንዴም የወታደር ሸሚዝ እንሰፋለን። የተከራየሁት የአንድ ነጋዴ ሕንፃ ምድር ቤቱን ነው። ፎቁ የእህል መጋዘን ስለነበር ከአይጥ ሩጫ በቀር ድምፅ አይሰማበትም።

ቤቱ ሁለት በር ነበረው። አንዱ ወደ አደባባዩ፣ ሌላው በጓሮ በኩል ወደ ጠባቡ መንገድ ያወጣል። የጓሮውን በር የምወደው ለነፋሱ ብቻ አልነበረም። ካውያችን የከሰል ነው፤ ጥጋችን ሁሉ ደግሞ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተከመረበት ነው። አንድ ቀን ፍም ወድቆ ክምሩ መጨስ ሲጀምር በዚያ በር ወጥተን፣ ከጓሮው በርሜል ውኃ እየቀዳን አጠፋነው። ከዚያ ወዲህ በበሩ ፊት አንዲት ቅርጫት እንኳ እንድትቀመጥ አልፈቅድም ነበር።

ነጋዴው መጋዘኑን ቡና ቤትና የካራምቡላ መጫወቻ ሊያደርገው አሰበ። ንብረቱ ነው፣ ምን አገባኝ አልኩ። ለእንግዶቹ ግን ከውጭ የሚያወጣ ደረጃ ያስፈልገው ነበርና የመረጠለት ቦታ የእኔ የጓሮ ደጃፍ ሆነ። ለፋሲካ ዘግተን ሰንብተን ስንመለስ ደረጃው ቆሟል። የጓሮውን በር ሳብኩት፤ ተከፈተ። ከኋላው ድንጋይ ነው። ሳንቃውን እንኳ ሳይነቅሉ ከውጭ ገንብተውበታል።

ነጋዴውን ሱቁ ሄጄ አገኘሁት።

«በሬን ምን አደረጉት?»

«ወይዘሮ፣ አንድ በር አይበቃዎትም? የስንቱ ሰው ቤት ባለ አንድ በር ነው።»

«እሳት ቢነሳስ?»

«እሳት ለምን ይነሳል? ካውያዎን ይጠብቁ እንጂ» አለና ወደ ደንበኛው ዞረ።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የሕንፃ ጉዳይ የሚመለከተው ሠራተኛ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ ነው። እስክጨርስ ሰማኝና «ደንቡ ነባር ቤት አይመለከትም» አለኝ።

«ደንቡን ያሳዩኝ።»

«ለባለሙያ የተጻፈ ነው፤ ለእርስዎ አይገባዎትም።»

«የተጻፈው በአማርኛ አይደለም?»

ሌሎች ባለጉዳዮች ሲያዩት አፍሮ አወጣልኝ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት ጠዋት አነበብኩት። የሚያስፈልገኝን የሴቶች ወገብና ትከሻ በምለካበት ደብተር ላይ ገለበጥኩ። ነገሩ ያን ያህል የሚከብድ አልነበረም። ነባር ቤት እንደነበረ ሊቆይ ይችላል፤ የሚያድሰውም ሰው ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ቤት እንዲያደርግ አይገደድም። ነገር ግን መጋዘን የነበረ ክፍል ሰው የሚሰበሰብበት ሲሆን፣ የተለወጠው ክፍልና መውጫው ለአዲስ ቤት የተደነገገውን ማሟላት አለበት። ደግሞም ቤቱን የሚለውጥ ሰው ቀድሞ የነበረውን የሌላውን መውጫ ሊዘጋ አይችልም። ይህን ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። ሰውዬው ወይ አላነበበውም፣ ወይም አታነብም ብሎ ንቆኛል። የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተመልሼ ገብቼ አነበብኩለት። እሱም መዝገቡን ስቦ «እኔ ራሴ ሄጄ አይቻለሁ። ምድር ቤቱ ሁለት በር አለው ብዬ ጽፌያለሁ» አለ።

«ሁለተኛውን ከፍተው አዩት?»

መዝገቡን ከደነው።

«እንግዲያው ይምጡና ይክፈቱት።»

በሦስተኛው ቀን ነጋዴውን አስከትሎ መጣ። የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ቆመ፤ ሴቶቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ሠራተኛው ሳንቃውን ራሱ ሳበው፤ ከዚያም ድንጋዩን በእጁ ዳሰሰ። በዚያ ሰዓት ደረጃውን የሚለስኑት ግንበኛ፣ አንድ የሐረሪ ሽማግሌ፣ ድምፅ ሰምተው በአደባባዩ በር ዞረው ገቡ።

«ወላሂ፣ የገነባሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ተከራይዋ ፈቅዳለች ብለውኝ ነው። አልፈቀድሽም እንዴ፣ ልጄ?»

«የጠየቀኝም የለም፣ አባባ።»

«ሱብሃነላህ። እንግዲያው ዛሬውኑ ላፍርሰው።»

ነጋዴው «አንተ ሥራህን ሥራ» አላቸው። ልጃቸው የሚሆን ሰው እኒያን ሽማግሌ አንተ ሲላቸው ከበሩ ይልቅ ይህ አናደደኝ። እሳቸው ግን መለሰኛ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወጡ፤ በዚያ ሥራ ላይም አልተመለሱም።

ሠራተኛው የአደባባዩን በር ለካ፤ ደረጃውንም ለካ። ደረጃው ራሱ ለዚያ ሁሉ እንግዳ ጠባብ ሆኖ ተገኘ። በሩ እንዲከፈት፣ ደረጃው እንዲነሳ የሚል ደብዳቤ ጽፎ ለአለቃው አቀረበ። እኔም ጉዳዩ አለቀ ብዬ ለሴቶቹ ለስላሳ መጠጥ ገዛሁ።

ደብዳቤው ሳይፈረም ሳምንታት አለፉ፤ ቡና ቤቱ ተከፈተ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ፊርማው የሚጠበቀው አለቃ በዚያው ደረጃ ላይ እየሳቀ ሲወጣ አየሁት። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ይቅርብሽ» አለኝ። «ነገ ጂጂጋ ቢያዛውሩኝ ምን ልትሆኚ ነው?»

«እንሄዳለና!»

ፍርሃቱ ይገባኝ ነበር፤ ቢሆንም ሁለት ቀን አላናገርኩትም።

እስከዚያው ካውያዎቹን ወደ በረንዳ አወጣን። ፀሐይና አቧራ እየመታን፣ ነጭ ልብስ ሁለቴ እያጠብን ሠራን። በየሳምንቱ ሰኞ ማዘጋጃ ቤት እሄዳለሁ፤ «አልተፈረመም» ይሉኛል። በአራተኛው ወር ተፈረመ። በዚያው ሳምንት ነጋዴው ቤቱን ልቀቂ የሚል ወረቀት ላከልኝ።

ከከተማዋ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ሌላ ቤት አገኘሁ። ከስድስቱ ሴቶች አምስቱ ተከተሉኝ፤ አንዷ መንገዱ ራቀባት። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እኒያ ግንበኛ ሊጠይቁኝ መጡና፣ በቀድሞው ቤቴ የነጋዴው አማች የጨርቃ ጨርቅ መደብር እንደከፈተ ነገሩኝ። ደረጃው ወደ ሌላው ጎን ዞሯል፤ የጓሮው በርም ተከፍቷል።

«እኔ ከወጣሁ በስንት ጊዜ?» አልኳቸው።

«በአንድ ሳምንት፣ ልጄ» አሉኝ ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ።

የማዘጋጃ ቤቱን ሠራተኛ ከብዙ ጊዜ በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት። ባርኔጣውን አውልቆ «ደብዳቤውን እኮ እኔ ጽፌ ነበር» አለኝ።

«ጽፈዋል» አልኩት። «እኔ ደግሞ ስድስት ሴት ይዤ አራት ወር በአንድ በር ሠርቻለሁ።»

የሚለው ነገር ያለው መሰለኝ፤ ቆሜ ግን አልጠበቅሁትም።